ከድንኳኑ ጀርባ ያጣበቅሁት ፒክአፕ

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ደረጀ ሰርተፍኬቴ ላይ ስቱኮ ለወሰበት።

ከዚህ የምጀምረው ሌላ መጀመሪያ ስላጣሁ ነው። ሐሙስ ምንም ያልሆነበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ምንም ያልሆነበትን ቀን ሰው ብዙም አያስታውሰውም፤ እኔ ግን ስቱኮውን አስታውሰዋለሁ። ግራጫ ነበር።

ደረጀ ባቲላሜራ ነበር። ለማያውቅ ሰው ባቲላሜራ ማለት የተጨማደደ መኪና ቀጥቅጦ፣ ቆርጦና በይዶ ወደ መልኩ የሚመልስ ባለሙያ ነው። ጋራዣችን ሰሚት ነው፤ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ እዚያው የምንኖርበት ግቢ ውስጥ። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ከግቢው በር ስትገቡ ባዶ ሜዳ አለ፣ በስተግራ ቤታችን፣ በስተኋላ ደግሞ የቆርቆሮ ጥላ። በቃ። ያኔ ከተማው ሁሉ እየተሠራ ነበር። ከቦሌ እስከ ሰሚት አሸዋ የጫነ መኪና ሌት ተቀን ይመላለሳል፤ ሲመላለስ ደግሞ የሆነ ሰው መኪና ጎን ልጦ ያልፋል። እኛም የምንበላው ከዚያ ነበር።

ስለ ሰርተፍኬቱ ልንገራችሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ የመኪና ቀለምና ኬሚካል አስመጪ ቦሌ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የጋራዥ ባለቤቶችን ለሥልጠና ጠራ። ደረጀ መጥሪያውን ሰጠኝና፣

"አንተ ሂድ። ምሳ አለው" አለኝ።

ሄድኩ። ምሳውም ነበረው፣ ሥልጠናውም ነበረው። አሠልጣኙ ሁለት ቁራጭ ላሜራ በኮላ አጣብቆ አመጣና አምስት ጎረምሶች ሁለት ወገን ሆነው እንዲጎትቱት አደረገ። ጎተቱ። አንዱ ጫማው ተቀደደ፤ ላሜራው አልተላቀቀም። የመኪናን ጎን፣ ጣራና የበር ልባስ ዛሬ ብዙ ቦታ መበየድ ቀርቷል፣ በዚህ ይጣበቃል አለን። ሻሲን የመሰለውን ዋናውን አጥንት ግን እንዳትነኩ አለ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ከተማርኩት ሁሉ በዚያ ቀን የተማርኩት ገባኝ። ስመለስ ሰርተፍኬት፣ ሁለት ቱቦ ኮላና ኮላውን የሚተፋ ሽጉጥ ይዤ መጣሁ።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ደረጀ የአንድ ነጭ ፒክአፕ የኋላ ጎን ቆርጦ እየጣለ ነበር።

"ደሬ፣ ይሄ እኮ ሳይበየድ መጣበቅ ይችላል" አልኩት።

"በምን?"

"በኮላ።"

"እንደ ጫማ?"

"እንደ ጫማ አይደለም። አምስት ሰው ጎትቶት..."

"ስማ፣ አንተን ማስቲሽ እያስሸተቱ ነው ያሠለጠኑህ።"

ሰርተፍኬቱን አሳየሁት። ተቀበለኝ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ አየው፣ በጣቱ ዳሰሰው። "ወረቀቱ ግን ጥሩ ነው። ወፍራም ነው" አለና የሌላ መኪና ስቱኮ ለወሰበት። እኔ ተናደድኩ። እሱ ሲሥቅ ዋለ። ወንድም አላችሁ? ካላችሁ ታውቁታላችሁ።

ፒክአፑ የጋሽ ቱሉ ነው። ጋሽ ቱሉ የቦሌ ቡልቡላ ሰው ናቸው፤ ድሮ ጤፍ ያበቅሉበት የነበረው መሬት አሁን ባለ አራት ፎቅ ያበቅላል። ለመሬቱ በተከፈላቸው ካሳ ፒክአፑን ገዙ፤ አሸዋ የጫነ መኪና ደግሞ ጎኑን ልጦላቸው ሄደ። እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ። ሙሽሮቹን የሚያጅበው የወንድ ጨፋሪ በሙሉ በዚያ ፒክአፕ ላይ ነው የሚጫነው። ደረጀ "እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያገኙታል" ብሎ መዳፋቸውን በመዳፉ መትቶላቸው ነበር። ከመርካቶ ያመጣው ጎንም እንደ መኪናው ነጭ ስለሆነ ቀለም አያስፈልገውም። አሮጌውን ጎን ቆርጦ ጨረሰ፣ እጁን በቲነር ታጠበ፣ "ነገ ጠዋት እበይደዋለሁ" አለ፣ እራቱን በላ፣ እንዲጨመርለትም ጠየቀ።

ዓርብ ማለዳ ደረቴን አለ። ሆስፒታል አድርሰነው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ አልጽፍም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የታየኝ የመጀመሪያው ነገር ጎን የሌለው ፒክአፕ ነበር። የእድሩ ድንኳን ከግቢው በር ጀምሮ እስከ ቆርቆሮው ጥላ ድረስ ሜዳውን ሞልቶታል። ፒክአፑ ከድንኳኑ ጀርባና ከግንቡ አጥር መሐል ተወሽቋል። የድንኳኑ አንድ ገመድ የታሰረው ከመኪናው የጎን መስታወት ላይ ነው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ ቱሉ መዳፋቸው የተመታበትን ይጠብቃሉ። ደረጀ ከመቃብር ተነሥቶ አይበይድም። እኔ ስበይድ ደግሞ ላሜራው ወንፊት ይሆናል፤ ሽንብራ ይነፋበታል።

አንድ ነገር ወሰንኩ። ይሄ መኪና በሰዓቱ ይደርሳል። ወንድሜ በሕይወቱ ሰው ቀጥሮ አስቀርቶ አያውቅም፤ ሞተ ተብሎ አሁን አይጀምርም።

ከድንኳኑ ውስጥ የደረጀን ጓደኛ ጉልላትን ጠቀስኩት። በያጅ ነው፤ ጋራዡ ከእኛ ሁለት ግቢ አልፎ ነው።

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ? አሁኑኑ እበይደዋለሁ" አለ፤ ጃኬቱን ማውለቅም ጀመረ።

"ምንድነው የምትበይደው?" የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። ጋሽ በየነ ናቸው፤ የእድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት፣ ጭልፋ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ነው። ሰው ሲሞት ያለቅሳሉ፣ ሳህን ሲሰበር ግን ይታመማሉ።

"መኪናውን ነው፣ ጋሼ" አለ ጉልላት።

"በብልጭታ? ከድንኳኔ አጠገብ?"

"ራቅ ብዬ..."

"አንድ ክንድ ነው ያለው! ይሄ ድንኳን ገና ሦስተኛ ለቅሶው ነው። ሲጋራ እንኳ አልሸተተም። ደግሞስ ለቅሶ ቤት ይበየዳል? ሰው ምን ይላል?"

"እንግዲያው መኪናውን ገፍተን እኔ ጋ እንውሰደው።"

"በየት በኩል? ለቀስተኛውን በላዩ ላይ ሄዳችሁበት?"

እውነታቸውን ነው። በሩ በድንኳን ተዘግቷል፤ ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። ነገ ሠልስት ነው፤ ማለዳ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የድንኳኑን አንድ ጎን ሊያነሡልኝ ፈቀዱ። ከዚያ በፊት ግን ብልጭታም፣ ጩኸትም፣ የሚገፋ መኪናም የለም።

"እንግዲያው አጣብቀዋለሁ" አልኩ።

ጉልላት ሣቀ። ከዚያ የት እንዳለ ትዝ አለውና ሣቁን ወደ ሳል ቀየረው። "በዚያ... ደረጀ በነገረኝ ማስቲሽ?"

"ማስቲሽ አይደለም።"

"ወንድምህ ቢሰማ..."

"ወንድሜ አይሰማም" አልኩት። ጃኬቱን መልሶ ለበሰ።

እናቴን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ለቅሶ ላይ መሥራት ነውር ነው፤ ያውም የሟች ወንድም ሆኖ። ቤት ገባሁ። ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ከበዋታል። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት።

"ደረጀ ምን ብሏቸው ነበር?" አለችኝ።

"እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት።"

"እጃቸውን መትቷል?"

"መትቷል።"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። "ሥራው ድምፅ አለው?"

"ኮላ እኮ ድምፅ የለውም፣ እማዬ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ... ጠርዙ እንዲገጥም አራት ጊዜ በመዶሻ መመታት አለበት።"

ትንሽ አሰበች። "ልትመታ ስትል በመስኮቱ ሳል። አለቅስልሃለሁ።"

ቀልድ አይደለም። እናቴ እንዲህ ናት።

ጀመርኩ። ኮላው ቀለምና ዝገት አይወድም፤ የሚጣበቀው ጠርዝ ሁሉ ራቁቱን መቅረት አለበት። መፋቂያ ማሽን ስለሚጮህ በብርጭቆ ወረቀት በእጄ ፈገፈግሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሻ፣ ሻ፣ ሻ። በሸራው ወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ "ይሄ ምንድነው?" ሲሉ ሰማሁ፤ ሌላው "ቡና እየተቆላ ይሆናል" አሉ። ለአንድ አፍታ መፈግፈጌን አቆምኩ። "አበቃ" አሉ፤ በተስፋ። ቡናው አልመጣም። እኔም መፈግፈጌን ቀጠልኩ፤ ሽማግሌዎቹም እስከ ቀትር እየጠበቁ ዋሉ።

ከዚያ የመዶሻው ተራ ደረሰ። በመስኮቱ ሳልኩ።

"ደሬዬ! የቤቴ ዋልታ!" ስትል ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት። መታሁ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ጣቴን አገኘው። አራተኛው ላሜራውን። ጩኸቱ ጋብ አለ። ጠርዙን አየሁት፤ አልገጠመም። ሁለት ምት ይቀረዋል። ምን ይደረጋል? እንደገና ሳልኩ።

እንደገና ጮኸች። የዚህኛው ጊዜ ግን ለእኔ ብላ አልነበረም። ድምፁ ሌላ ነው። መዶሻውን ይዤ ቆምኩ። ሴቶቹ "በቃ፣ በቃ እንጂ" እያሉ ሲያባብሏት ይሰማኛል። ሳልመታ ብቀር ደግሞ ያ ለቅሶ በከንቱ ይሆናል። ሁለቴ መታሁ። ገጠመ።

አሁን ኮላው። ቱቦው ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅባት አለ፤ ጫፉ ላይ ተዋሕደው ይወጣሉ። ከተዋሐዱ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ይታገሡሃል። ከዚያ በኋላ የያዙትን አይለቁም። ሽጉጡን ጨመቅሁ፣ ኮላውን በጠርዙ ዙሪያ ሁሉ አስኬድኩ፣ ጎኑን ከጉልላት ጋር አንሥተን አስቀመጥነው። አዎ፣ ጉልላት ሊያሾፍ መጥቶ ሲያግዝ ተገኘ።

ልክ በዚያች ደቂቃ የቦሌ ባቲላሜራዎች በሙሉ በአንድ ሚኒባስ ተጭነው ለቅሶ ደረሱ። የሟች ወንድም ቆሞ መቀበል አለበት። ሁለት እጄ እስከ አንጓው ኮላ ነው። ወደ ድንኳኑ ገባሁና እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። አንድ በአንድ መጥተው አቀፉኝ፤ እኔ አላቀፍኳቸውም፣ እንደ ግንብ ቆሜ ተቀበልኳቸው። "ኮራ እንዴ ይሄ ልጅ?" አለ አንዱ። "ደንዝዞ ነው፣ ተወው" አለ ሌላው። የመጨረሻው ጋሽ በየነ ነበሩ። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው፤ ግን ሰልፍ ሲያዩ ልባቸው ተነክቶ ይሆናል፣ መጥተው ጥምጥም አሉብኝ። እያለቀሱ ስለነበር አላስቻለኝም፣ እኔም አቀፍኳቸው። የግራ እጄ አምስት ጣት ጥቁር ኮታቸው ጀርባ ላይ ቀረ። ዛሬም አለ። ነጋዴዎች ሳይጠየቁ በሰው ልብስ ላይ ሁሉ ማስታወቂያ የሚለጥፉበት ጊዜ ስለነበር ሰዉ ብዙም አልተገረመም።

ሮጥኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ አልፏል። ጎኑ ሲጣበቅ ዙሪያውን ተነክሶ መያዝ አለበት። ላሜራ ነክሰው የሚይዙት የደረጀ ሞርሴቶዎች ስምንት ናቸው፤ ስምንቱንም አስነከስኩት። የላይኛው ጠርዝ ባዶ ቀረ። ሊጫነው የሚችል ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል። ዙሪያዬን አየሁ። የእድሩ አግዳሚ ወንበር!

በሸራው ሥር አንገቴን አስገባሁ። አግዳሚው ላይ ቡናውን የሚጠብቁት ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

"አባቶቼ፣ ይቅርታ፣ ይቺ አግዳሚ ለአንድ ጉዳይ ተፈልጋ..."

"ለቡናው ነው?"

"እ... እሱም ይመጣል።"

ተነሡልኝ። አግዳሚውን በጎኑ አድርገን ከላሜራው ጠርዝ ጋር አስጠጋነውና በእሱና በአጥሩ መሐል ሁለት አጣና ወትረን አጠበቅነው። ጉልላት ራቅ ብሎ አየውና "ደረጀ ይህን ቢያይ ድጋሚ ይሞታል" አለ። ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅሁ።

ያላየሁት ነገር፣ ሲጨመቅ የተረፈው ኮላ በጠርዙ ወደ ውጭ እየሾለከ የአግዳሚውን እንጨት እያገኘው መሆኑን ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ በየነ አግዳሚዎቻቸውን ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ በቀጥታ ከድንኳኑ ጀርባ መጡ። በአግዳሚው ላይ በቀይ ቀለም "የእድሩ ንብረት" ተብሎ ተጽፏል፤ ጽሑፉ ከፒክአፑ ጋር ፊት ለፊት ተሳስሟል። ያዝ አድርገው ነቀነቁት። መኪናው ተነቃነቀ።

"ይሄ ምንድነው?"

"እስከ ጠዋት ብቻ ነው፣ ጋሼ።"

"ይሄ አግዳሚ ሌላ ለቅሶ ላይ ቢፈለግስ? ሰው ቢሞትስ?"

"ማን ይሞታል፣ ጋሼ?" ብዬ ተናገርኩ፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን እንዳልኩ ገባኝ። እሳቸውም ገባቸው። እጃቸውን ከአግዳሚው ላይ አነሡ።

"እስከ ጠዋት" አሉና ሄዱ። ጀርባቸው ላይ አምስቱ ጣቶቼ አብረዋቸው ሄዱ።

እሑድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰው ሁሉ ለሠልስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊነሣ ይሰናዳል። አጣናዎቹን አወጣሁ። ሞርሴቶዎቹን ፈታሁ። ጎኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አግዳሚውም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይዤ ሳብኩት። ጉልላት ሳበው። ሁለታችንም እግራችንን ጎማው ላይ ተክለን ሳብነው። ጋሽ በየነ "ቀስ! ቀስ!" እያሉ ቆይተው በመጨረሻ ራሳቸውም ያዙና ሳቡ። ቀጭ! አለ። ሦስታችንም ከአግዳሚው ጋር መሬት ላይ ተገኘን።

ኮላው አልተላቀቀም። የተላቀቀው እንጨቱ ነው። የአግዳሚው ጠርዝ እንደ ቋንጣ ተተልትሎ ፒክአፑ ላይ ቀርቷል። ጉልላት መሬቱ ላይ እንደተቀመጠ መሮ አነሣና በጎኑና በመኪናው መሐል አስገብቶ ሊፈለቅቀው ሞከረ። የመሮው እጀታ ተሰበረ። መሮውን ጣለው።

"ወንድሜ፣ እኔ እንዲህ በይጄ አላውቅም" አለ።

ጋሽ በየነ የተጎዳውን አግዳሚ አዩ። ጎኑን አዩ። ሊጮኹብኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"ይሄ ነገር ይሸጣል?" አሉ።

"ጋሼ?"

"የእድሩ ወንበሮች እግር ተነቃንቆ አለቀ እኮ።"

የቀረውን እንጨት በሌላ መሮ ስፍቅ አንድ መዳፍ የምታህል ቁራጭ እምቢ አለች። በጠርዟ ባለው ኮላ ላይ ከቀዩ ጽሑፍ "የእድሩ" የሚለው ተገልብጦ ታትሟል። ሠርግ ቤት የለቅሶ ማኅበር ስም ለጥፌ መሄዴ ነው። አንድ ሰዓት ሆኗል። ጥቁር ልብሴን አውልቄ የደረጀን የሥራ ቱታ ለበስኩ፤ እጅጌውን ሁለቴ አጠፍኩት።

"ለሠልስቱ አትመጣም እንዴ?" አለች አንዷ ጎረቤት፣ ቱታውን እያየች።

"ይደርሳል" አለች እናቴ። "እሱ የሚሠራው አለው።"

ጋሽ በየነ ገመዱን ከመስታወቱ ፈትተው የድንኳኑን ጎን አነሡልኝ። መንገድ ላይ ሰባት ሜትር ነጭ ጥብጣብ ገዛሁ፤ "የእድሩ" ላይ እንደ ጽጌረዳ ጠቅልዬ አሰርኩት። ከዚያ ከሰሚት እስከ ቡልቡላ ኮብልስቶን በመጣ ቁጥር ጆሮዬን ወደ ኋላ ሰጥቼ ነዳሁ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ "አሁን ወደቀ" እላለሁ። አይወድቅም። ሌላ ጉድጓድ ይመጣል። ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ የጋሽ ቱሉ በር ላይ ቆምኩ።

ግቢው በሰው ይተራመሳል። ጋሽ ቱሉ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ።

"አላልኳችሁም? ደረጀ ሰዓት አያዛንፍም!" አሉ ለሰዉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የት አለ እሱ?"

ሠርግ ቤት መርዶ አይነገርም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ አውቀዋለሁ። መርዶው የሠርጉ መልስ እስኪያልፍ ይቆያል፤ ያኔ እኔው ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።

"ሥራ በዝቶበት ነው፣ ጋሼ። ሰላም በልልኝ ብሏል።"

"ጤና ይስጠው። ብየዳው እንደ ሁልጊዜው ነው?"

ለአንድ ጠዋት አንድ ውሸት ይበቃኛል።

"ብየዳ አይደለም። ኮላ ነው። እኔ ነኝ ያጣበቅሁት።"

አዩኝ። ጎኑን አዩ። መለሱና እኔን አዩ።

"ኮላ?"

"ኮላ። ደረቅ ነው፤ ይሞክሩት።"

"ኢጆሌ! ኮታ!" ብለው ጠሩ። ዱላ የያዙ ጎረምሶች እየሮጡ መጡ። "እዚህ ጎን ላይ ውጡ።" ስድስቱ ዘለው ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፣ ሁለቱ ቆሙበት፣ ዘፈኑን ጀመሩና ላሜራውን እንደ ከበሮ ይደበድቡት ጀመር። መኪናው ወደ አንድ ጎን አዘመመ፤ ጎማው ተጨፈለቀ። ጎኑ ፀጥ ብሎ ተሸከማቸው። ጋሽ ቱሉ ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን በጥፍራቸው ፈለጉ፤ አላገኙትም።

"ይሄ ጥብጣብስ ለምን ጎኑ ላይ?" አለች የሙሽሪት እህት።

"የዘንድሮ ፋሽን ነው። ቦሌ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስረው" አልኩ። ወዲያው ሌላ ጥብጣብ አምጥታ በወዲያኛውም ጎን አሰረች።

ልሄድ ስል ጋሽ ቱሉ ክንዴን ይዘው አመሰገኑኝ። "ገለቶሚ፣ ልጄ። ቆይ።" ወደ ድንኳናቸው ገቡና ሥጋና ዳቦ በፌስታል ጠቅልለው አመጡ። ትኩስ ነው፤ ፌስታሉ ላብ አውጥቷል። "ይሄ የደረጀ ድርሻ ነው። አንተ እንዳትበላበት! በእጁ ስጠው።"

"እሺ" አልኩ።

የታክሲ ፌርማታው ጋ ደርሼ ቆምኩ። ይዤው ቤት ብገባ እናቴ የማን ነው ትለኛለች። ልጥለው ብል የእሱ ነው። ለመንገድ ሰው ብሰጠው እምነት ማፍረስ ነው። አንድ ሚኒባስ መጣ፣ ሄደ። ሌላው መጣ። ገና ያልተጨረሰ ሕንፃ ሥር የብሎኬት ክምር ላይ ተቀመጥኩ፣ ፌስታሉን ፈታሁና በላሁት። ዳቦውንም፣ ሥጋውንም፣ ጥግ ላይ ያለችውን አዋዜም። ጥሩ ሥጋ ነበር። አንዳች አላስተረፍኩም። ከዚያ እጄን በቱታው ጠረግሁና ሠልስቱ ሳያበቃ ለመድረስ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።